ሣጥኑ ሳይወጣ የመጣ ወረቀት

«አክስት ሰሊና፣ ሻይሽ እኮ ቀዘቀዘ» አለ ጋርላንድ። ዓይኑ ግን ሻዩ ላይ አልነበረም። እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ የሆነ ነገር ያንኮሻኩሻል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሰሊና።

«ያው... ወረቀቱ ነው።»

ባሏ አዛርያ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጋርላንድ ራሱ በሠራለት ሣጥን ውስጥ ሳሎኑ መካከል ተኝቷል። መጋረጃው ወርዷል፤ የግድግዳው ሰዓትም ቆሟል። የደሴቲቱ ሰው በየተራ እየገባ የሟቹን ግንባር በእጁ ይነካል፤ ያልነካ በሕልሙ ያየዋል ይባላል። ከዚያ ዘቢብ ያለበትን ዳቦ ይዞ ይቀመጣል።

ወረቀቱን የማያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም። የኒውፋውንድላንድ መንግሥት «ደሴቲቱን ልቀቁ፤ የምትገቡበትን የባሕር ዳር ከተማ ራሳችሁ ምረጡ፤ አሥራ አንዱም ቤት ከፈረመ እናግዛችኋለን» ብሎ ነበር። አሥሩ ማርሎ ሃርበርን መርጠው ፈረሙ። አዛርያ ብቻ እንቢ አለ።

«እንግዲህ የቤቱ ራስ አንቺ ነሽ» አለች የጋርላንድ ሚስት ኤፊ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የፖስታ ጀልባዋ ነገ ጠዋት ትደርሳለች። ካመለጠችን ሁለት ሳምንት ነው።»

«ቀብሩስ መቼ ነው?»

«ነገ ከሰዓት።»

«ስለዚህ ወረቀቱ ከአዛርያ ቀድሞ ይወጣል ማለት ነው።»

ጋርላንድ ጉሮሮውን ጠረገ። ኤፊ ግን ወደኋላ አላለችም። «አክስቴ፣ እዚያ ሐኪም አለ። አጎት አዛርያ እዚያ ቢሆን ኖሮ...»

ሰሊናን ያንገበገባት ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ዘጠኝ ቀን ሳንባው ሲታፈን፣ በረዶው የባሕሩን አፍ ዘግቶ ሐኪም የሚያመጣ ጀልባ ጠፋ። በሞተ ማግስት ነፋሱ ዞረና በረዶውን ጠራርጎ ወሰደው። ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ ባለ ቀን እውነትን ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል?

እስከ መከር ድረስ እሱም ሊፈርም ነበር። አንድ ቀን «ወፍ ላድን» ብሎ በጀልባው ወጣና በሦስተኛው ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ። ተኩሶ ስቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ወፎቹ አዘኑልህ እንዴ?» ብላ ቀለደችበት። አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ አልፈርምም አለ፤ ሰዉም «ያ ግትር ሽማግሌ» እያለ ደጁን መርገጥ ተወ።

የነገራት ታሞ በሰባተኛው ቀን ነው።

«ማርሎ ሃርበር ነበርኩ» አላት በተቆራረጠ ትንፋሽ። «መረባችንን የት እንጥላለን ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ፣ ሰሊና። ቦታው በየዓመቱ በዕጣ የሚከፋፈለው ለአገሩ ተወላጅ ብቻ ነው። አንዱ ጎረምሳ፣ ‹አባባ፣ ዳር ቆመህ ታየናለህ› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ጋርላንድ ለልጆቹ ስለ ከተማዋ የኤሌክትሪክ መብራት ሲያወራላቸው ፊታቸውን አይተሻል? እኔ ላጨልመው?»

ያን ቀን ተቆጣችው። አሁንም ሬሳውን እያየች ንዴቷ አልበረደም።

«ጋርላንድ፣ ወረቀቱን አውጣው» አለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ወንዶቹም ወንበራቸውን እየሳቡ ከበቡት። ብዕሩን ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። አዛርያ ከማርሎ ሃርበር ይዞት የመጣውን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ስትጨርስ ጋርላንድ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኛ የጠየቅነው... ስለ ትምህርት ቤቱ ነበር» አለ ጋርላንድ።

«ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ መንገዱ። አሥር ዓሣ አጥማጅ አባወራ ከተማ ስትመርጡ ዓሣውን ከየት እንደምታወጡ አልጠየቃችሁም። የጠየቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱንም የብርድ ወራቱን ሙሉ እንደ ከሃዲ አያችሁት።»

«እሱም አልነገረን፣ አክስቴ።»

«አልነገራችሁም። እሱም የእጁን አግኝቷል፤ እኔም አልምረውም።»

ኤፊ በመሐረቧ አፏን ሸፈነች። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ጋርላንድ።

«ነገ ቅበረው። የነገዋ ጀልባ ትለፍ፤ በሚቀጥለው አንተ ራስህ ሄደህ፣ ለአሥራ አንድ ቤት የመረብ ቦታ በጽሑፍ ስጡን በል። ከሰጡ እፈርማለሁ፤ ያለ ሐኪም መሞት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ካልሰጡ ሌላ ከተማ እንፈልጋለን።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ?»

«እሱ ዘጠኝ ቀን ጠብቋል።»

ጋርላንድ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን እየያዙ ወጡ።

ሰሊና ወደ ሳሎኑ ዞር ስትል፣ ወንበሮቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለአዛርያ ሰጥተው ጠረጴዛውን እንደከበቡ ቀርተዋል። እየጎተተች አንድ በአንድ ወደ እሱ አዞረቻቸው። የመጨረሻው ላይ ተቀመጠችና ፊት ለፊት አየችው።