የልጆች ባሕር

ዳኦን ከውኃው ብቅ ብላ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። ገና ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል።

«እትዬ ዩንጂ፣ የባሕር ጃርቶቹ ተመልሰዋል! ሣሬን ግጠው ጨረሱት!»

አክስቷ ዩንጂ ባሕር ማዶ የባሕር ሳይንስ ተምራ ወደ ጄጁ ደሴት ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ከመንደሩ በታች ያለው ቋጥኝ ሁሉ የባሕር ሣሩ አልቆ አጥንት መስሏል። ዳኦን ግን ሣሩን የሚግጠው እሾኻሙ የባሕር ጃርት ቢነሣ ሣሩ ይመለስ እንደሆነ ልይ ብላ አንድ ጥግ በገመድ ከልላ፣ ጃርቱን እየለቀመች ወደ ጥልቁ ስትወስድ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ቡቃያ ታይቶ ነበር።

«ይህን ያህል ጃርት ባንዴ በራሱ አይመጣም፤ ሰው ነው ያስገባው» አለች ዩንጂ። ‘በቃ ተይው፣ ስታድጊ ትደርሺበታለሽ’ ልትላት ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ግን ወደ ጠላቂዎቹ እሳት እየሮጠች ነው።

ባሕር ጠልቀው ጃርት እየለቀሙ የሚኖሩት አሮጊቶች በድንጋዩ ካብ ውስጥ እሳት ከበው ይሞቃሉ።

«ገመዴ ውስጥ ጃርት የጨመረው ማነው?»

«እኛ ነና!» አለች አንዷ እየሳቀች። «ባዶውን አይተን አንጀታችን አልችል አለ። ጀማሪ ባዶ መረብ ይዛ አትወጣም፤ ከየመረባችን ጥቂት ጥቂት መጣልላት ወጋችን ነው።»

«እኔ እኮ ባዶ እንዲሆን ነው የለፋሁት!»

«ጉድ! ባዶ ለማግኘት የሚለፋ ዛሬ አየሁ!»

ሳቁ ካቡን ሞላው። ዩንጂ ፈጠን ብላ «ይቅርታ እናቶቼ፣ ልጅ ናት...» ስትል ዳኦን አቋረጠቻት።

«ተይኝ እትዬ። እማማ፣ ዘንድሮ ጃርቱን ስትሰብሩት ውስጡ ምን አለው?»

ሳቁ ቆመ።

«ምን አለው፣ ቅርፊት ብቻ» አለች ሳቂታዋ ቀስ ብላ።

«የሚበላው ስለሌለ ነዋ! ሣሩ ካልተመለሰ እናንተም ቅርፊት ነው የምትለቅሙት።»

የጠላቂዎቹ አለቃ እማማ ቡ እሳቱን ቆሰቆሱ። «ገመዷን የዘረጋችው የልጆች ባሕር ላይ ነው። እኛ መጥለቅ ስንማር ትልልቆቹ ዝር አይሉበትም ነበር። የሚማር ልጅ ከጠፋ ወዲህ ባለቤት የለውም።» ቀና አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው። ማንም አይለቅምበት፣ ማንም አይጨምርበት። አሁን የጣለ ያውጣ!»

«ኧረ ገና መሞቄ ነው፣ አለቃ!» አለች ሳቂታዋ።

«ስትጥይ ማን አስገደደሽ?»

«ሁሉንም አታውጡ» አለች ዳኦን። «በግራ በኩል ያለውን ተዉት። ጃርት ሲመለስ ምን እንደሚሆን እሱንም አያለሁ።»

ዩንጂ ‘ተይው’ ልትላት የነበረውን ቃል ዋጠችው፤ ጫማዋንም አወለቀች።

አሮጊቶቹ እያጉረመረሙ ተነሡ። እማማ ቡ ውኃው ዳር ሲደርሱ፣ «ግራሽ በየት በኩል ነው?» አሏት።

ዳኦን መነጽሯን አወረደች።

«ተከተሉኝ።»