ስኳር ያልነበረበት ቤት

ልብስ ሰፊው የስኳር በሽታ እንዳለበት በተነገረው ሳምንት ታላቅ እህቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

«እስኪሻልህ ድረስ እዚሁ ነኝ» አለች ገና በሩ ላይ።

ሚስቱ ሻንጣውን ተቀብላ ባሏን አየችው፤ እሱም አያት። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። ይህ በሽታ እንደ ጉንፋን ለቀቅ የሚያደርግ አይደለም፤ እትዬም እንደዚያው።

እትዬ ሥራዋን ከጓዳ ጀመረች። የስኳሩን ጣሳ፣ ማሩን፣ ብስኩቱን ሁሉ ጠራርጋ ለጎረቤት አደለች። ለወንድሟ የሚቀርበውን ዳቦ የምትቆርጠው ራሷ ሆነች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው የደረሰችውን ቁራሽ ወደ መስኮቱ አነሳና «ይቺ እኮ ማዶ ታሳያለች» አለ። ሴት ልጁ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች። አክስቷን በሹክሹክታ «ሻለቃ» ብላ የሰየመቻት እሷ ናት።

እትዬ ክፋት የለባትም። እናታቸውን የወሰደው ይኸው በሽታ ነው። ያኔ ወንድሟ ገና ነፍስ አላወቀም ነበር፤ የእናቷን እግር እያጠበች፣ ቁስሉ አልድን ሲል እያየች ያደገችው እሷ ናት። ስለዚህ ማንም ደፍሮ «ተይ» አይላትም። እንዲያውም ሚስትም ልጅም ቀስ በቀስ እሷን መሰሉ። ሰውዬው ጉሮሮውን ከጠረገ ሦስቱም ቀና ይላሉ። ደንበኛ ሻይ ልጋብዝህ ካለው ከውስጥ «አይጠጣም!» የሚል ድምፅ ይመጣል። በገዛ ቤቱ እንደ ሕፃን ተቆጠረ። 

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የስኳር መለኪያው ከወትሮው ከፍ ያለ ቁጥር አሳየ። ልብስ ሰፊው ኢንሱሊኑን እንደታዘዘለት ተወጋ። እትዬ ግን ቁጥሩን አይታ ደነገጠች።

«ዛሬ ቁርስ የለም። በባዶ ሆድህ ይውረድልህ» አለችና ሳህኑን አነሳች።

መከራከር ሰልችቶት ስለነበር ወደ ሥራው ሄደ። የልብስ ስፌት ክፍሉ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ልብሶች። የአንድ ሙሽራ ሙሉ ልብስ ዘረጋና በጠመኔ ያሰመረውን መቁረጥ ያዘ።

ረፋዱ ላይ ልጁ ልብስ ልትተኩስለት ስትገባ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ዝም በይ! ሥራ ላይ መሆኔ አይታይሽም?»

ልጅቷ ክው አለች። አባቷ ጮኾባት አያውቅም። ከዚያ መቀሱን አየች፤ ይንቀጠቀጣል። ከጠመኔው መስመር ወጥቶ እጅጌውን መሃል ለመሃል እየሰነጠቀው ነው። በእጇ አንገቱን ስትነካው ቀዝቅዟል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የነገረቻቸው ትዝ አላት፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ነገር መቆጣት፤ ስኳር ወርዷል ማለት ነው።

«እማዬ! ስኳር በጥብጠሽ አምጪ! ቶሎ!»

እናትየው የጓዳውን ቁም ሣጥን ከፈተች፤ ባዶ። ሌላውን ከፈተች፤ ጨውና ሩዝ ብቻ።

«ስኳር? ለሱ?» አለች እትዬ መሃል ቆማ። «ልትገድሉት ነው?»

«ወርዶበታል አክስቴ! አሁን ካላገኘ ነው የሚሞተው!»

እትዬ በበሩ አሻግራ የወንድሟን ፊት አየች። ከዚያ አንድ እግር ጫማዋን በሩ ላይ ጥላ ሮጠች። የጎረቤቱን በር በሁለት እጇ እየደበደበች «ስኳሬን መልሺልኝ!» ስትል መንደሩ ሁሉ ሰማ። ጣሳውን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ተመለሰች።

ሚስቱ ስኳሩን በውሃ በጥብጣ፣ ትከሻውን ደግፋ ብርጭቆውን አስያዘችው። ጥርሱ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ጠጣ። ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ላቡ ደረቀ፣ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። ሲለኩት ቁጥሩ ወጥቷል። ልጁ ዳቦ አመጣችለት፤ በወፍራሙ የተቆረጠ። እየበላ ጠረጴዛውን ተመለከተ።

«ይህን እጅጌ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አንተው ነህ» አለች ሚስቱ።

«እንግዲያው ሙሽራው አንድ እጁን ኪሱ ከቶ ይጋባ።»

እናትና ልጅ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እትዬ ግን ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«እንደ እማዬ እንዳትሆንብኝ ብዬ እኮ ነው...»

«አውቃለሁ እትዬ። እማዬ ግን ይህ ሁሉ መድኃኒት፣ ይህ ሁሉ ምክር አልነበራትም፤ እኔ አለኝ። ደግሞ እኔ እንኳ የሰው ጨርቅ የምቆርጠው ባለቤቱን ጠይቄ ነው። አንቺ ቁርሴን ስትቆርጪ ማንን ጠየቅሽ?»

እትዬ ጎንበስ ብላ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

ሰኞ አራቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ «ምግብ እንዴት ነው?» ብትል ሦስቱ ሴቶች በአንድ አፍ መለሱ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይቅርታ፣ በሽተኛው ማን ናቸው?»

 ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ራሱ ተናገረ፤ መቼ እንደሚርበው፣ መርፌው እንደሚያስፈራው፣ ብቻውን የሚቀርብለት ሳህን እንደሚያስከፋው። ሚስቱ መርፌውን እንደሚፈራ የሰማችው ገና ያኔ ነው። ነርሷ ኢንሱሊን ተወግቶ ቁርስ መዝለል አደጋ እንደሆነ፣ ኪሱም ከረሜላ እንዳይለየው፣ በየቀኑ እንዲራመድ አስረዳቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ድስቱ አንድ ሆነ፤ ሁሉም እሱ የሚበላውን ይበላሉ። መርፌ ሲወጋ ሚስቱ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ወሬ ትጀምርለታለች፣ ሳያስበው ያልቃል። ለሙሽራውም አዲስ እጅጌ ወጣለት።

እትዬ ሻንጣዋን አልሸከፈችም፤ ማታ ማታ አብራው ትራመዳለች። የመጀመሪያ ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ቀስ በል እስቲ!»

«ትእዛዝ ነው?»

«ኧረ ልመና ነው ወንድሜ» አለች ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች። ክንዱን ሰጣት፤ ተደግፋው ወጡ።