የማጠንጠኛው እጀታ

«እማማ፣ ለልጅዎ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«እማማ» የሚለኝ እኮ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው! ደሜ ፈላ።

«ለራሴ ነው» አልኩት። «የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና የክር ማጠንጠኛ አሳየኝ። የሚያብለጨልጨውን ሳይሆን የሚሠራውን። ገንዘቤ ትንሽ ስለሆነች አታድክመኝ።»

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አርባውን ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖርኩ። ውኃ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ ልያዝ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም፤ ዓሣ ራሱ ብዙም አይጥመኝም። ዘንግ ልገዛ የመጣሁት ታላቅ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ስለሚቀመጥ ነው። ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ቤቱ ብሄድ አይከፍትልኝም፣ ብደውል አያነሳልኝም፤ ሐይቁ ግን በር የለውም። ከሱ ሌላ ደግሞ ወንድምም እህትም የለኝም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔ ግን እንዲህ አልልም ነበር። ሚስቱ በሞተች በአራተኛው ወር ልጠይቀው ስሄድ ቁምሳጥኗ ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጦ አገኘሁት። በሩን ይከፍታል፣ ልብሷን ያያል፣ ይዘጋል። ደግሞ ይከፍታል። አንጀቴን በላው። ይሄ ሰውዬ ሊያብድ ነው አልኩ። በማግስቱ ሥራ እስኪሄድ ጠብቄ፣ በነበረኝ ቁልፍ ገብቼ ልብሷን በሁለት ሻንጣ አጭቄ ወጣሁ። ጥሩ ጥሩውን አሳጥሬና አጥብቤ ለጎረቤት ሴቶች በነፃ አደልኩት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ መልቀሙም አልሆነልኝም።

በሳምንቱ ወንድሜ፣ የባዶውን ቁምሳጥን ነገር ገና ሳይጠይቀኝ፣ ከሥራ ሲመለስ ከፊቱ አንዲት ሴት ትሄዳለች። ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጫጭ ጠብታ ያለበት። ያ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሮጠ። የሚስቱን ስም እየጠራ ሮጦ ትከሻዋን ያዛት። ሴትዮዋ ዞረች፤ የኔ ጎረቤት ናት።

ከዚያ ቀጥታ ወደኔ መጣ። ደጃፌ ላይ እንደቆመ «ሁለተኛ ዓይንሽን እንዳላይ» አለኝና ሄደ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። «እጄ አመድ አፋሽ ነው» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ንዴቱ ሲያልቅ ግን ቤቴ ውስጥ የቀረነው እኔና አንድ ሳህን፣ እኔና አንድ ብርጭቆ ነን። የስፌት መኪናውን ሳቆም የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል፤ እሱንም የሠራልኝ ወንድሜ ነው። ሲብስብኝ ራዲዮ ከፍቼ ከዜና አንባቢው ጋር እጣላለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ልኬቱን ከወሰድኩ በኋላ እንኳ ቶሎ እንዳይሄድብኝ ወሬ አበዛለሁ። ብቸኝነት እንዲህ ያዋርዳል።

ባለሱቁ ቀይ ዘንግ ከነማጠንጠኛው አመጣልኝ። ሳጥኑ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ አለበት። «አሥራ ሁለት ኩሽኔታ አለው፣ እማማ! ክሩ አብሮ ነው፣ ቦርሳውም አብሮ ነው» አለ።

ወንድሜ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ምሳ በበላን ቁጥር፣ ስለ ዘንግና ማጠንጠኛ ሲያወራ እኔና ሚስቱ በዓይን እየተጠቃቀስን እንስቅበት ነበር። ለካ ጆሮዬ ሁሉንም አስቀምጦታል። «አሥራ ሁለት መናኛ ኩሽኔታ ከሚኖረው ሦስት ደህና ይሻለዋል» ይል ነበር። «ገንዘብ ሲያጥርሽ ከዘንጉ ቀንሰሽ ማጠንጠኛው ላይ ጨምሪ። ዘንግ ይታገሥሻል፣ ማጠንጠኛ ግን አይምርሽም። ሳጥኑን አታንብቢ፣ አዙረሽ ስሚው።»

ቀዩን በቀኜ ይዤ በግራዬ አዞርኩት፣ ጆሮዬ ሥር። አሸዋ የቃመ ይመስል ይንኮሻኮሻል። እጀታውን ወዲያና ወዲህ ብነቀንቀው ይወላገዳል።

«ቦርሳውን ለብቻው ሽጠው» አልኩት። «ያኛውን ግራጫውን አምጣ።»

«እሱ እኮ ምንም የለውም! አራት ኩሽኔታ ብቻ ነው።»

«እኔም ምንም የለኝም። እንግባባለን።»

ግራጫው ሲዞር ድምፅ የለውም። እጀታው አይላወስም። ፍሬኑን ደግሞ ማየት አለብኝ፤ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩን ቀስ እያለ ካልለቀቀለት ይበጠሳል። የክሩን ጫፍ ለባለሱቁ ሰጠሁት።

«ዓሣው አንተ ነህ። ሳብ!»

እየሳቀ ወደ በሩ ሄደ። ክሩ ሳይንቀጠቀጥ እኩል ተለቀቀለት። ይሄ ይሁን አልኩ።

ቀጥሎ ዘንግ። ውድ ውዱን ሳልነካ አለፍኩ። ከመካከለኞቹ ሁለት መርጬ ጫፋቸውን ጣሪያው ላይ አስደግፌ አጎበጥኳቸው፤ ሁለቱም በደንብ ጎብጠው ተመለሱ። የቀረው ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ናቸው። ቀለበት ውስጥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ክር ይበላል፤ ይሄን ልብስ ሰፊ ማስተማር አያስፈልግም። ከቤት ስወጣ ከጨርቅ ከረጢቴ አንድ የሐር ቁራጭ መዝዤ ነበር፤ ልስላሴውን በጣቴ ለይቼ እንጂ ቀለሙን እንኳ ልብ አላልኩም። እሱን ጠቅልዬ በየቀለበቱ ውስጥ ሳብኩት። በአንደኛው ዘንግ ሦስተኛው ቀለበት ላይ ሐሩ ቀጭ ብሎ ተያዘ። በሁለተኛው ሁሉንም አለፈ።

«ሃያ ዓመት ስሸጥ እንዲህ ያደረገ ሰው አላየሁም» አለ ባለሱቁ።

«እንግዲህ እማማህ አሳየችህ። መጨረሻውን ንገረኝ።»

«ኧረ እማማ ይተዉኝ» እስኪል ተከራክሬ ገዛሁ። ለኮት ያስቀመጥኳት ገንዘብ ነበረች። ኮትስ ለብሼ ማን ቤት ልሄድ ነው?

ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ቤቴ ውስጥ ተለማመድኩ። ክሩን በሚያከብደው እርሳስ ፋንታ ትልቅ የኮት ቁልፍ ክሩ ጫፍ ላይ አስሬ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ወደ አልጋዬ እወረውራለሁ። ቁልፉ እግሬ ሥር ዱብ ይላል። አንዴ አምፖሉን መታሁት። ዘንጉን ረገምኩ፣ ባለሱቁን ረገምኩ፣ በመጨረሻ ራሴን ረገምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ስደርስ ወንድሜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። አንገቱ ቀጥኗል። የሸሚዙ ኮሌታ አልቋል፤ እኔ ብሆን ገልብጬ እሰፋለት ነበር።

«እንደምን አደርክ፣ ጋሼ?»

ጆሮ ዳባ ልበስ። ዓይኑን ከውኃው አልነቀለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱስ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ብል አልነካውም። ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ትሉን መንጠቆው ላይ እየቀፈፈኝ ሰካሁ፣ ወረወርኩ። እርሳሱ እግሬ ሥር ገባ። ደገምኩ። ያው ነው። እሱ እስከ ረፋድ ሁለት ዓሣ ያዘ፣ እኔ ቅጠል ያዝኩ። ስንት ጊዜ ያጠናሁትን የይቅርታ ቃል ሳልናገር ሌላ ትል ሰካሁ።

ዘንጉ ረጥቦ ሲያሟልጨኝ ከኪሴ ያቺን የሐር ቁራጭ አውጥቼ እጄንም እሱንም ጠረግኩ። ቀና ስል ወንድሜ ተነስቷል። ወደኔ እየመጣ ነው። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን ሁሉ ብዬ አሰብኩ።

መጥቶ ፊቴ ቆመ። ፊቴን ግን አላየም፤ የሚያየው እጄን ነው። እኔም ያኔ አየሁት። ሰማያዊ ነው። ነጫጭ ጠብታ አለበት።

ቀሚሱን ሳሳጥር ከጫፉ የተረፈው ቁራጭ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ ባይ፣ የሚስቱን ቀሚስ የትል ልጋግ እየጠረግኩበት ነበር።

«ጋሼ፣ በፈጠረህ አላየሁትም» አልኩ። «ያኔም እንዲሁ ሳላይ ነው። አጥፍቻለሁ። ላንተ ብዬ ነው እያልኩ ስመጻደቅ ኖርኩ፤ እሱም ውሸት ነው። አንተ ቁምሳጥኑን ማየት አላቃተህም፤ አንተን እንደዚያ ሆነህ ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

እጁን ዘረጋ። ጨርቁን ሰጠሁት። ሐይቁ ውስጥ አለቅልቆ ጨመቀው፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየው። ስንዝር አይሞላም። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ። የመጣው ለጨርቁ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ?

ጥቂት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ተመልሶ መጣና ዘንጉን ከእጄ ወሰደው። ማጠንጠኛውን ጆሮው ሥር አድርጎ፣ ሰዓት እንደሚያዳምጠው ዓይኑን ጨፍኖ አዞረው። ፍሬኑን ሞከረ። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ዳሰሰ። ስህተት እስኪያገኝብኝ ጠበቅኩ።

«ማነው የመረጠልሽ?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት።

ከዚያ ማጠንጠኛው ላይ በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ፈታ፣ እጀታውን ከግራው ነቅሎ በቀኝ በኩል አስገባው፣ አጠበቀው። ዘንጉን ወስዶ ግራ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አንቺ ግራኝ» አለኝ። «ድንጋይ ስትወረውሪ በየትኛው እጅሽ ነበር?»

መቀስ በቀኝ እጅ እንድይዝ ያስገደደችኝ የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ናት። እሱን ስለምድ የቀረውንም በቀኜ ለመድኩ። አባታችን ግራኝ ይለኝ ነበር፣ እናታችንም ትለኝ ነበር፤ ሁለቱም አፈር ከገቡ ስንት ዓመታቸው። ደንበኞቼ አያውቁም፣ ጎረቤቶቼ አያውቁም። ግራኝ መሆኔን እኔው ራሴ ረስቼው ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ወደ ድንጋዩ እየተመለሰ ነው።

በግራዬ ወረወርኩ። እርሳሱ ርቆ ሄዶ ከሱ ተንሳፋፊ ቡሽ አልፎ ወደቀ። አየው።

እስክንነሳ ድረስ በየቦታችን ተቀምጠን አጠመድን። አልፎ አልፎ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሲሄድ አያለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔን ወደ ውኃው አዞራለሁ።