ሦስተኛው ሥር

«ያምዎታል?» አለች ዶክተር ሄለር፣ መሰርሰሪያውን ሳታወርድ።

ወንበሩ ላይ ያሉት አሮጊቷ ኡላዩክ ሁለት ቅንድባቸውን ሽቅብ አነሱ። አፋቸው በስስ ላስቲክ ተወጥሮ ስለተያዘ ሌላ መናገሪያ አልነበራቸውም።

የጥርስ ሐኪሟ ከደቡብ ከተሞች ወደዚህ በረዷማ የሰሜን ባሕር ዳር መንደር ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። ምን ያመኛል ብለው በጥያቄዋ የተገረሙ መስሏት «ጎበዝ» ብላ ቀጠለች። ኡላዩክ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ቅንድባቸውን ደግመው አነሱ፤ ሐኪሟም ደግማ ፈገግ አለችላቸው።

ነገሩን ያየችው ሊቲያ ናት። ሊቲያ የክሊኒኩ ረዳት ስትሆን፣ ኡላዩክ የእናቷ እህት ናቸው።

«ዶክተር፣ አክስቴ ያመኛል እያለችሽ እኮ ነው።»

«ምንም አላሉም።»

«ቅንድቧ ብሏል። እኛ ዘንድ ቅንድብ ሲነሳ አዎ ነው። አይ ለማለት አፍንጫዋን ትሸበሽባለች።»

ዶክተር ሄለር እስከ ጆሮዋ ቀላች። መሣሪያውን አስቀምጣ ይቅርታ ጠየቀች። ግን ግራ ገባት። ማደንዘዣውን ሁለቴ ወግታለች፤ የመንጋጋውን ሁለት ሥሮች እስከ ጫፋቸው ጠርጋለች። ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። እንደ ማንኛውም የታች መንጋጋ ሁለት ሥር ነው ያለው።

«ካልተወላቸው መንቀል ነው» አለች ለሊቲያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ጠዋት በረራዬ ነው። እንዲህ እንደተቆጣ ትቼው መሄድ አልችልም።»

ኡላዩክ ሰምተው አፍንጫቸውን ሸበሸቡ።

የቀኝ መንጋጋዎቻቸው ካለቁ ቆይተዋል። በግራ በኩል ከላይኛው ጋር የሚገጥመው ይኸው አንዱ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ለልጃቸው ለፓውሉሲ ጫማ ሶል የሚሆን፣ አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ቁርበት ተቀምጧል። ያ ቁርበት በጥርስ ተኝኮ ካልለሰለሰ ስፌቱ አይጠብቅም፤ ውኃ ያስገባል። እግሩ የራሰ ሰው በረዶው ባሕር ላይ ሩቅ አይሄድም። የኡላዩክ እናት ጥርሳቸው ሲያልቅ መርፌያቸውን ለሌላ ሰጥተው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር የቀሩት። ኡላዩክ ያንን መስኮት አይወዱትም።

ሐኪሟ የተሸበሸበውን አፍንጫ ትንሽ አየችው። ከዚያ እንደ መርፌ የቀጠነችውን ሞረድ አንስታ የጥርሱን ውስጥ ነካ አደረገች።

«እዚህ ጋ?»

አፍንጫ።

«እዚህስ?»

አፍንጫ። ሞረዷን ወደ ምላሱ ወገን፣ ወደ ኋለኛው ጥግ ወሰደቻት። የኡላዩክ ቅንድቦች ፀጉራቸው ሥር ደረሱ።

«ሊቲያ፣ ራጁን ከጎን አዘንብለን እንደገና እናንሳው።»

በአዲሱ ራጅ ላይ፣ ከኋለኛው ሥር አጠገብ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቀጭን ሥር ብቅ አለ።

«ሦስተኛ ሥር» አለች ዶክተር ሄለር። «ስማር በሥዕል አይቼዋለሁ፤ በሰው አፍ ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። በሌላው ተከልሎ ነበር።»

ማደንዘዣ ልትጨምር ላስቲኩን ስታነሳ ኡላዩክ አፋቸው ተፈታ። በደነዘዘው ከንፈራቸው ቃሉን እየቆራረጡ ተናገሩ፤ ሊቲያ እየሳቀች ተረጎመችው።

«ልጄ፣ አቆስጣ በረዶው ላይ የሚከፍተው መተንፈሻ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ስትጠብቂ በሦስተኛው ተንፍሶ ይሄድልሻል፣ ነው ያለችሽ።»

«አሁን ያዝኩት በያቸው።»

«ገና አልያዝሽውም» አሉ ኡላዩክ። «ቀዳዳውን ነው ያገኘሽው።»

እውነታቸውን ነበር። ሥሩ የታጠፈ ስለሆነ ሞረዷ ጫፏ ጎበጥ እየተደረገ፣ በእጅ፣ በዝግታ መግባት ነበረባት። ውጭ ተራ የሚጠብቁትን ሕመምተኞች ሊቲያ ከምሳ በኋላ ተመለሱ አለቻቸው። ዶክተር ሄለር «ያምዎታል?» ባለች ቁጥር ቀና ብላ ፊታቸውን ታያለች። አፍንጫቸው ይሸበሸባል፤ ትቀጥላለች። በመጨረሻ ሦስቱንም ሥሮች ሞልታ ዘጋቻቸው።

«ከገና በኋላ ተመልሼ ክዳን አደርግለታለሁ። እስከዚያ በዚህ ጎን ጠንካራ ነገር እንዳያኝኩ። ቁርበትም ቢሆን። ተስማማን?»

ኡላዩክ አሰቡ። ቅንድባቸውም አፍንጫቸውም ዝም አለ።

«አክስቴ» አለች ሊቲያ፣ «ሴትዮዋ እየጠበቀችሽ ነው።»

ቅንድባቸውን አነሱ።

ሐኪሟ ከገና በኋላ መጥታ ክዳኑን ሠራች። ኡላዩክ ቁርበቱን በግራ መንጋጋቸው አኝከው አለሰለሱት፤ በረዶው መሳሳት ሲጀምር ፓውሉሲ አዲሱን ጫማ አድርጎ ወጣ።