ለማሳያ የቆመው ታብሌት

እኔ ደህናውን ታብሌት ከብልሹው የምለየው በእጄ ነው። ሳጥኑን ሳልከፍት መዳፌ ላይ አስቀምጬ ሁለቴ ነቅነቅ አደርገዋለሁ፣ በቃ። ትምህርት ቤት ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ አላየሁትም፤ በአጎቴ ሱቅ ግን ስለ ዕቃ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ። አጎቴ ራሱ "ሚዛኗ" ነው የሚለኝ። ሲያደንቅ ይሁን ሲያሾፍ ጠይቄው አላውቅም፤ እኔ እንደ አድናቆት ይዤዋለሁ።

ታላቅ እህቴ እታለም የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆና ስትቀጠር፣ ታብሌት ከራስሽ ይዘሽ ነይ ተባለች። ሥራው ከቤት ቤት እየዞሩ የቆጣሪውን ጉድጓድ ክዳን ማንሳት፣ ቁጥሩን ፎቶ ማንሳትና እዚያው መላክ ነው። ስንት ደጅ ጠንታ ያገኘችው ሥራ ነው። እናታችን ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ቤቱን የያዝነው እሷና እኔ ነን፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኔ የያዝኩት በአንድ ጣት ነው።

ሥራ የምትለቅ አንዲት ጓደኛዋ የራሷን ታብሌት ልትሸጥላት ነበር። ዓመት ሙሉ ቆጣሪ የተነበበበት፣ ጥጉ የተላጠ።

"የሰው ትራፊ ልትገዢ ነው?" አልኳት። "እኛ ጋ ያው ታብሌት ከነማሸጊያው አለ። ነይ ላሳይሽ።"

ያሳየኋት መደርደሪያው ላይ የቆመውን ነው። የሱቃችን አሠራር እንዲህ ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ መጀመሪያ ሲገባ አንዱ ይከፈትና ለማሳያ ይቆማል። ገዢ የሚነካካው እሱን ነው፣ ይዞ የሚሄደው ግን የታሸገውን። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት ከቻርጀር እነቅለውና ብርሃኑን እስከ ጥግ ለቅቄ የዓሣ ቪዲዮ አጫውትበታለሁ። ልንዘጋ ስንል ዓሦቹ አሁንም ይዋኛሉ። "ከጠዋት ጀምሮ ቻርጀር አላየም" እላለሁ ለገዢ ሁሉ፤ ውሸት የለበትም። ለእታለምም ይህንኑ ብዬ ከጓዳ የታሸገ አመጣሁላት። መዳፌ ላይ ነቅነቅ አደረግኩትና "ያው ነው፣ አትጠራጠሪ" ብዬ ሰጠኋት።

ሥራ በጀመረች በጥቂት ቀን እግሯን እየጎተተች ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተዘረጋች።

"ከሰዓት ላይ ሞተብኝ" አለች ጣሪያውን እያየች።

"ማን ሞተ?"

"ታብሌትሽ። ግማሽ ሰፈር ሳላነብ ተመለስኩ።"

"ብርሃኑን ቀንሺው።"

"ፀሐይ ላይ ነው የምሠራው። ብርሃኑን ቀንሼ ምኑን አያለሁ? የራሴን ፊት?"

"እንግዲያው ከኋላ ክፍት የተውሽው ነገር አለ።"

"የለም።"

"ሲሞላ ቸኩለሽ ነቅለሽው ይሆናላ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የረታኋት መሰለኝ፤ ለካ መናገሩ ደክሟት ነው።

እንዲህ ብዬ የመለስኩት እሷን ብቻ አልነበረም። ያንኑ ዓይነት ታብሌት ገዝቶ የተመለሰ አንድ አስተማሪ ነበር፣ ልጇን ሆስፒታል የምታስታምም አንዲት እናትም ነበረች። ሁለቱንም ብርሃን ቀንሱ ብዬ ሸኘኋቸው። አስተማሪውማ "አጠቃቀሙን አላወቅኩበትም፣ አስቸገርኩሽ" ብሎ ይቅርታ ሁሉ ጠይቆኝ ነው የሄደው።

ለእታለም ግን ፓወር ባንክም ሰጥቻታለሁ፣ አልሰሰትኩም። በአንድ እጇ ክዳን ይዛ፣ በሌላው ታብሌት ይዛ፣ ገመዱ ከአንገቷ ተንጠልጥሎ ስትንበረከክ ፓወር ባንኩ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጉድጓዱ ደግሞ የውሃ ነው።

ከዚያ አለቃዋ ጠራት። አልተቆጣም አለች፤ እሱም የደከመው ሰው ነው። "የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ነው። ሰፈርሽን ጨርሰሽ መግባት ካልቻልሽ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ" አላት፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ዞረ።

"በቃ፣ ነገ አብሬሽ እወጣለሁ" አልኩ። "ጥፋቱ የጣትሽ መሆኑን በዓይኔ አይቼ አርፋለሁ።"

"ነይ። ውሻ ስትመጣ ከፊት ትቆሚልኛለሽ።"

ወጣን። የጉድጓዱ ክዳን ብረት ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል። ስታነሳው ሸረሪት ይወጣል። ትንበረከካለች፣ የቆጣሪውን መስታወት በእጅጌዋ ትወለውላለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ትልካለች፣ ጉልበቷን ይዛ ትቆማለች። ከዚያ የሚቀጥለው በር። በየበሩ ታብሌቱን እየነጠቅኩ ፈተሽኩት። ክፍት የተተወ ነገር የለም። ጣቷም የትም አይሳሳትም። የምትነካውን ብቻ ነው የምትነካው፣ እንደኔ እንኳ ጨዋታ አልጫነችበትም።

ጥላ ፈልገን ዳቦ ቆርሰን ተነሳን። ብዙም ሳንሄድ አንድ አረንጓዴ በር ፊት፣ እጇ ላይ እያለ፣ ስክሪኑ ጠፋ።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ክዳኑን መለሰችና እላዩ ላይ ተቀመጠች።

"አየሽ?" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነስቼ በሩን አንኳኳሁ። ሴትዮዋ በስንጥቁ አየችኝ። "እትዬ፣ ትንሽ ቻርጅ እናድርግ?" አልኳት።

"ውሃዬን ልትቆጥሪ መጥተሽ መብራቴን ልትጠጪ?" አለችና ዘጋችው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄድን። አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ ስልክ ይፈታል። የእታለምን ታብሌትና ለማሳያ የቆመውን ጎን ለጎን ፊቱ አስቀመጥኳቸው።

"ጋሼ፣ ሁለቱንም ክፈታቸው።"

አየኝ፣ እታለምን አየ። ጠርዛቸውን አሙቆ ስክሪኖቹን አነሳ። በማሳያው ውስጥ ባትሪው ሆዱን ሞልቶታል። በእታለም ታብሌት ውስጥ ያለው ባትሪ አጭር ነው፤ ከሱ የተረፈው ቦታ በጥቁር ስፖንጅ ተሞልቷል፣ ስፖንጁ ላይ ደግሞ ስስ ብረት ተለጥፏል።

"ይሄ ብረት ምን ይሠራል?" አልኩ።

"እንዳይጎብጥ ይሆናል" አለ አጎቴ። "ወይም እንዳንቺ በመዳፍ ለሚመዝን ሰው።"

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ሁለቱን ጀርባ ገለበጠና በጣቱ አሳየኝ። ስሙ ያው፣ ቁጥሩም ያው ነው፤ የእታለም ላይ ግን ከቁጥሩ መጨረሻ አንዲት ጉንዳን የምታክል ፊደል ተጨምራለች። "ሠሪዎቹ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ውስጡን ቀይረውታል" አለ። "ሳጥኑን አልነኩትም፣ ለማንም አልተናገሩም። የኛ ማሳያ ከመጀመሪያው ጭነት ነው። የምንሸጠው ከሁለተኛው።"

"ታውቅ ነበር?"

"ጠርጥሬያለሁ። አስተማሪው የመጣ ዕለት አከፋፋዩ ጋ ደወልኩ። ያው ነው አለኝ። እንደገና ደወልኩ፣ አሁንም ያው ነው አለኝ። ከዚያ ደከመኝ፣ ልጄ።"

እታለም ግድግዳው ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ሊከደን ይላል።

"ማሳያውን ለሷ ስጣት" አልኩ።

"ምን ላቁም ታዲያ?"

"የምንሸጠውን።"

"ምሳ ሳንበላ ይሞታል እኮ።"

"ይሙታ። ገዢውም ይየው።"

ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። እምቢ ሊለኝ ነው ብዬ ስንት መልስ አዘጋጀሁ፤ አንዱም አላስፈለገኝም። ሁለቱን መልሶ ገጥሞ ማሳያውን ወደኔ ገፋው። "የዋጋውን ማጣበቂያ ጠራርገሽ ስጫት" አለ።

ማጣበቂያው እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ የነካው ጣት ይያዛል። መስታወቱም በገዢ ጥፍር ተጫጭሯል።

አሁን መደርደሪያው ላይ የሚዋኙት ዓሦች ከምሳ ወዲያ አይታዩም። ገዢ ሲጠይቀኝ "ይሄን ያህል ነው አቅሙ" እላለሁ፤ ይዞ የሚሄደው ጥቂት ነው፣ ብዙው አመስግኖ ይወጣል። አጎቴ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ቻርጀር ግን አልሰካም። አስተማሪውንም መንገድ ላይ አግኝቼ ነገርኩት። "እኔኮ ጣቴ መስሎኝ" አለና ጣቱን አየት አደረገ።

እታለም የሙከራዋ መጨረሻ ቀን ሰፈሯን ጨርሳ ገባች። አለቃዋ "ነገም ነይ" ብሏታል። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተዘረጋች፤ ታብሌቱ ሆዷ ላይ፣ አሁንም በርቶ። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ምስጋና ቢመጣ አልጠላም ነበር፣ አልመጣም። ራሴ ጀመርኩት።

"እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር?"

ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰችልኝ። "አንቺ ባትኖሪማ የጓደኛዬን ትራፊ ገዝቼ፣ ይሄን ጊዜ እንቅልፌን ጠግቤ ነበር።"