የማይሳሳቱ ጣቶች

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዘበኛው» ይሉታል። ለቀልድ ያወጡለት ስም ነው፤ ግን ከእውነቱ አይርቅም። የሚጠብቀው የዓይን ሆስፒታሉን የቀጠሮ ድረ ገጽ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ሲከፈት ደላሎች ያሰማሯቸው ፕሮግራሞች ሰው መስለው ይገቡና ቦታውን ሁሉ ጠራርገው ይወስዱታል። በሽተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀራል።

ይህ ነገር አንጀቱን አቃጠለው። አስቦ አስቦ የዛሬ ሁለት ወር አንድ ዘዴ ዘየደ። ሰው የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ይደናበራል፤ አንዱን ፊደል ቶሎ፣ ሌላውን ዘግይቶ ይመታል፣ ይሳሳታል፣ ያጠፋል። ማሽን ግን ከፊደል ፊደል እኩል ነው የሚመታው። እንግዲህ ምቱ እኩል የሆነውን ሁሉ ከበር መለሰው። ለምን እንደተመለሰ ግን አይነገረውም፤ ደላላው ይማርበታላ! «ይቅርታ፣ መግባት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። አለቃው በስብሰባ ላይ አመሰገነው፤ እሱም ደረቱን ነፋ።

እሁድ ዕለት አክስቱን ሊጠይቅ ሄደ። ወላጆቹ ሲሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታይፕ አስተምረዋል። ጠረጴዛውን በማስመሪያ እየመቱ፣ በዚያ ምት ልክ፣ ፊደሎቹን ሳያዩ ያስጽፉ ነበር። አንድ ጣት ከቀደመ ወይ ከዘገየ አለቀ፣ ገጹ እንደ አዲስ ይጀመራል። ከዚያ ማስመሪያ እሱም አላመለጠም።

ላፕቶፓቸው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ቀጠሮ እየፈለጉ መሆኑን ነገሩት። ሐኪም የግራ ዓይንዎ ግፊት ጨምሯል፣ በአንድ ወር ውስጥ ስፔሻሊስት ካላየዎት የጠፋው አይመለስም ብሏቸዋል። ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት አለፈው። ለምን አልነገሩኝም ብሎ ተቆጣ። የወንድሜ ልጅ እዚያ ይሠራል ብዬ የሰው ወረፋ አልነጥቅም ብለው ዝም አሰኙት።

እስቲ ሲገቡ ልይ አላቸው። እጃቸውን የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አሳርፈው የይለፍ ቃላቸውን መቱ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። አንዱም ምት ከሌላው አልቀደመም፣ አልዘገየም። ያ የራሱ ጽሑፍ ብቅ ሲል ክው ብሎ ቀረ።

«ዝም አልክሳ?» አሉ አክስቱ። «እኔ እኮ ስህተቱ የኔ ነው ብዬ፣ በመለሰኝ ቁጥር ይበልጥ እየተጠነቀቅኩ ነው የምጽፈው። ምቴን ይበልጥ እያስተካከልኩ። አንድ ፊደል አልሳትኩም።»

መዋሸት አልቻለም። አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ በሩን የዘጋው እሱ መሆኑን፣ የዘጋባቸውም ስላልተሳሳቱ መሆኑን። አክስቱ አልተቆጡም። ስንቱን ተማሪዬን መልሰህብኝ ይሆን ብለው ብቻ ጠየቁት። ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። እፍረት አንገቱን አስደፋው።

ከቦርሳው የራሱን ኮምፒውተር አወጣና ያን የኮራበትን ደንብ ነቀለው። ሰኞ አለቃው የሚለውን ይበል። ከዚያ አክስቱን እንደገና እንዲሞክሩ ለመናቸው። በዚያው ምት መቱ። ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ስማቸው በትልቁ፣ ከሥሩ ደግሞ ክፍት ቀጠሮ፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት። እፎይ ብሎ ወደ ፊታቸው ዞረ።

አክስቱ ጣቶቻቸውን ሳያነሡ እየጠበቁ ነበር።

«ዛሬም ከለከለኝ አይደል?» አሉ።

ስክሪኑን አየ፣ እሳቸውን አየ። ጣታቸው ዓይን አያስፈልገውም፤ ከገባ ጀምሮ ያላስተዋለው ለዚህ ነው።

«እትዬ፣ የማያይልዎት ግራው ዓይንዎ ነው?» አላቸው።

«ግራው ብቻ ነበር» አሉ፣ «እስካለፈው ሳምንት ድረስ።»