የግራው እጀታ

ልጄ ፉልቪዮ ቬስፓ ሞተር ብስክሌቴን ለአንድ የሚላን ከተማ ሰው ሊሸጥብኝ የተስማማው እኔን ሳይጠይቀኝ ነው። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ ያያታል" አለኝ በስልክ፣ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ እንደጠራ ሰው። ምክንያቱን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው የዳገቱ መታጠፊያ ላይ ወደ አንደኛ ማርሽ መመለስ አቃተኝ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ የቄሱን የአበባ ማሰሮ ሰበርኩ። ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ቆሞ አየኝ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ቢስቁ ኖሮ ተሳድቤ እገላገል ነበር።

ቬስፓዋ ከሄደች እኔም ሄድኩ ማለት ነው። ቤቴ ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ አውቶቡሱ አደባባዩ ላይ ያበቃል። ፉልቪዮ ጄኖቫ ከተማ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ክፍል አዘጋጅቶልኛል። ሚስቱ መጋረጃውን ሳይቀር መርጣለች።

"እማዬ፣ እጅሽ ደክሟል። አምኖ መቀበል ነው" ይለኛል።

እኔ ኦርኔላ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ ሳሽ የኖርኩት ሴትዮ፣ እጅሽ ደክሟል እባላለሁ። ይባስ ብሎ አመንኩት። የእኔ ቬስፓ ማርሽ በእግር አይቀየርም፤ በግራ እጅ ፍሪሲዮኑን ጨብጠሽ ከነእጀታው ማዞር ነው። ይሄው እጀታ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደ ዛገ ቁልፍ አልዞር ብሎኛል። በቀኝ በኩል ያለው ነዳጅ መስጫም ሲለቁት በራሱ መመለስ ሲገባው ባለበት ተገትሮ ይቀራል። አንጓዬ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል። እርጅና ነው ብዬ የሊጥ ገንዳዬን ለጎረቤት ሰጠሁ።

ለማንኛውም ብዬ ኤርሚኒዮ ጋ ወሰድኳት። ኤርሚኒዮ የመንደሩ መካኒክ ነው፤ አብረን በአንድ ክፍል ነው የተማርነው። ለሰባኛ ዓመት ልደቴ ከፉልቪዮ ጋር ተማክረው፣ ቬስፓዋን ደብቀው፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀብተው ያመጡልኝም እነሱ ናቸው።

"ማሽኗ ደህና ናት፣ ኦርኔላ" አለኝ። "እጅ ነው የሚያረጀው።"

"እስቲ አንተ አዙረው።"

አዞረው። ማዞሩንስ አዞረው፤ ግን የአንገቱ ሥር ሲገተር አየሁት።

"አንገትህ ምን ሆነ?"

"ሙቀቱ ነው።"

መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ነፋሱም ከባሕሩ ይገባል። ደሜ ፈላ፤ እጀታው እሱንም ታግሎታል። ካቻቢቴና ቺያቤ ተውሼ ቬስፓዬን ይዤ ወጣሁ።

ግቢዬ ውስጥ የፊት መብራቱን ፈታሁ፣ ውስጥ ያለውን ፒን ነቀልኩ፣ የግራውን እጀታ ከነቱቦው ስቤ አወጣሁት። ቱቦው አረንጓዴ ነው። የሚዞርበት ጉድጓድም አረንጓዴ ነው። ማንም በማያየው ቦታ፣ ብረት በብረት ላይ በሚሽከረከርበት፣ ለልደቴ ለማሳመር ብለው ወፈር አድርገው ቀብተውታል። ማርሹን የሚስቡት ሽቦዎች፣ ካቦዎቹም ቢሆኑ፣ ከውጭ እንዳይታዩ ተብለው ክፉኛ ታጥፈው ተወትፈዋል። የእኛ አገር ወንድ ሲያሳምር እንዲህ ነው፤ ያምር እንጂ ይሥራ አይልም።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀለሙ አይደለም ያስለቀሰኝ። ከገዛ እጄ ይልቅ እነሱን ማመኔ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ተነሳሁ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ ፋቅኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ አዲስ ካቦ ዘረጋሁ፣ መታጠፊያውን ሰፋ አደረግሁለት። መልሼ ስገጥመው እጀታው እንደ ቅቤ ዞረልኝ። የቀኙን ግን ሆን ብዬ አልነካሁትም።

እሑድ ሞተሩን ሳላስነሳ በፍሬን ብቻ ወደ አደባባዩ ወረድኩ። ፉልቪዮ በነጭ ሸሚዙ ቆሟል። የሚላኑ ሰውዬ የቆዳ ጓንቱን ይዞ ቬስፓዬን እንደ ሙሽራ ይዞራታል። ኤርሚኒዮ ከቡና ቤቱ በር ላይ ያያል፤ ሕዝቡም ከቅዳሴ እየወጣ ነው።

"ፉልቪዮ፣ ና። የቀኙን አዙር" አልኩት።

"ለምን?"

"እናትህ ስታዝህ ለምን አይባልም።"

አዞረው። ተገተረበት፣ ለቀቀው፣ ባለበት ቀረ። ሲመልሰው ፊቱ ቀላ።

"አይ ልጄ" አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ "እጅህ ደክሟል። አምኖ መቀበል ነው።"

አንዲት ሴትዮ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

"አሁን ግራውን።"

ፍሪሲዮኑን ጨብጦ አዞረው። ያለ ምንም ትግል ዞረ። ልጄ ኤርሚኒዮን አየው፤ ኤርሚኒዮ ጫማውን አየ። ከኪሴ ካቻቢቴውንና ብርጭቆ ወረቀቱን አውጥቼ ፉልቪዮን አስጨበጥኩት።

"ከውስጥ የቀባችሁትን ፋቅ። ግራሶውን ኤርሚኒዮ ያመጣል።"

በነጭ ሸሚዙ ተንበርክኮ እጀታውን ፈትቶ ፋቀ። አረንጓዴው ብናኝ እጅጌውን አለበሰው። ጎንበስ እንዳለ፣ ቀስ ብሎ፣ "እማዬ፣ አንቺን ለማስደሰት ብለን ነው እኮ" አለኝ።

"አውቃለሁ። ያኔ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ጥፋቱ የቀለማችሁ ሆኖ ሳለ እጄን በቁሙ ቀበራችሁት።"

የነዳጅ መስጫውን ገጥሞ አዞረና ለቀቀው፤ በራሱ ተመለሰ። የሚላኑ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እመቤት፣ አሁንማ ዋጋውን ልጨምርልዎት።"

"የእናንተ አገር ሜዳ ነው፣ ጌታዬ። ብስክሌት ይበቃዎታል።"

ሞተሩን አስነስቼ ሽቅብ ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ፣ የቄሱ በር ፊት፣ ዳገቱ በጣም ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ፣ ሆን ብዬ አቆምኩ። ፉልቪዮ እየሮጠ ደረሰብኝ፣ ከኋላ ሊደግፈኝ።

"እጅህን አንሳ" አልኩት።

ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ወደ አንደኛ አዞርኩ። አንጓዬን አመመኝ። አዎ፣ አመመኝ፤ ልጅ አይደለሁም። ማርሹ ግን ገባ።

"እማዬ" አለ ፉልቪዮ እያለከለከ፤ "እጅሽ የእውነት የደከመ ቀንስ?"

"ያን ቀን እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ አትነግረኝም" አልኩትና ነዳጅ ሰጠኋት።